ቅንድብና ወረንጦ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ አንድ እሑድ ጧት፣ ጉርድ ሾላ እኔ ቤት ነው። እናቴ ለዐይኗ ሐኪም ፍለጋ ከጎጃም መጥታ ሰንብታለች። ልጄ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ መስታወቷን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ቅንድቧን ታበጃለች። የውበት ሳሎን በሰፈራችን ሞልቷል፤ እኛ ካለንበት ሕንፃ ምድር ቤት እንኳ ሁለት አለ። እሷ ግን «ለዚህች ለምታክል ጸጉር ብር አልከፍልም» ብላ ወረንጦ ገዝታ እቤቷ መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ቁጠባዋን ወድጄላታለሁ። እኔ ቡና አፈላለሁ፤ እናቴ ጥጓን ይዛ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

በገዛ እጇ ቅንድብ ያበጀች ሁሉ ይህን ታውቃለች። የቀኙ ሰፋ ያለ ይመስልና ሁለት ጸጉር ይነቀላል። አሁን ደግሞ የግራው ሰፋ። ከግራውም ሁለት። ከዚያ ተመልሶ ወደ ቀኙ። ለሁለት ድመቶች ቁራሽ ላካፍል ብላ ከዚህም ከዚያም እየገመጠች ሁሉንም የጨረሰችውን ጦጣ ታስታውሷት የለ? እንደዚያ ነው። ልጄ ቀና ስትል የሁለቱም ቅንድቦቿ የውጭው ጫፍ የለም።

«እግዚኦ!» አለች እናቴ። መቁጠሪያዋን አስቀምጣ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና የልጄ ራስ ላይ ጣል አድርጋ እስከ ዐይኗ ድረስ ሳበችው።

«እማማ፣ ፋሽን ነው እኮ!»

«ፋሽኑን ተይውና ወደ ውስጥ ግቢ። ሰው ሳያይሽ ግቢ፣ የኔ ልጅ።»

ቁጣ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር። ድምፅዋ ግን የቁጣ አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። ወደ ማድ ቤት ስገባ ተከትላኝ መጣችና፣ ሦስታችን ብቻ ባለንበት ቤት፣ ጆሮዬ ሥር ሆና እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ምን ይላል? የደዌ ዘር ያለበት ቤት ነው አይልም?»

ረከቦቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ስጠብቃት ነበር፤ መጠበቄን ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ1986 ዓ.ም. ነው። የጓደኛዬ ሠርግ ነበርና ሚዜ ሆንኩ። የጊዜው ቅንድብ ክር የመሰለ ነው፤ ሰፊ ቅንድብ የባላገር ነው የተባለበት ዘመን። ከመካከላችን እጇ ይሠራል የምንላት አንዷ አምስታችንንም በተራ አስቀምጣ የተፈጥሮ ቅንድባችንን በምላጭ ሙልጭ አደረገችውና በቦታው ላይ በእርሳስ ቀጭን ቀስት ሳለችልን። አማረብን፤ ቢያንስ በፎቶው ላይ አምሮብናል። በሳምንቱ አገር ቤት ወረድኩ። እርሳሱን ታጥቤዋለሁ፤ ቅንድቤ ገና አልበቀለም። እናቴ በር ላይ አቀፈችኝ፣ ፊቴን አየችው፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ከደጅ አላወጣችኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ታወርደዋለች። ለጋብቻ ሊጠይቁ ያሰቡ ሰዎች ሽማግሌ ልከው ነበር፤ «አዲሳባ ተመልሳለች» ብላ ሸኘቻቸው። እኔ ጓዳ ተቀምጬ እሰማለሁ። ያኔ ገና ሥነ ጽሑፍ እንዳስተምር መቀጠሬ ነበርና በልቤ «ኋላ ቀር» አልኳት። ይህን ቃል ለእናቴ ማሰቤን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሥጋ ደዌ፣ አፋችንን ሳንሰበስብ ቁምጥና የምንለው፣ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ተሐዋሲውን ያገኘለት በሽታ ነው። ቆዳንና ነርቭን ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ምልክቱ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። ተሐዋሲው በሰውነታቸው በብዛት በተሠራጨባቸው ሰዎች ላይ የፊት ቆዳ ይወፍራል፣ ቅንድብም ይረግፋል። መርገፍ የሚጀምረውም ከውጭው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጄ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በወረንጦ ያደረገችው ልክ ይኼንኑ ነው። የጣት መቆልመም፣ የአፍንጫ መስመጥ ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ቅንድብ ግን ቀድሞ ይናገራል፤ ደግሞም ፊት ላይ ነው፣ በጋቢ አይሸፈንም።

እናቴ ባደገችበት አገር በሽታው በዘር ይተላለፋል ተብሎ በጽኑ ይታመን ነበር። ልጅ ለመዳር ዘር ሲቆጠር የሚቆጠረው ለዝምድና ብቻ አልነበረም፤ «ከእነ እገሌ ወገን ደዌ አለ ወይ?» ተብሎ በጓሮ ይጠየቃል። የአንዲት ልጅ ቅንድብ ሳሳ ማለት የእኅቶቿ፣ የአክስቷ ልጆች፣ ገና ያልተወለዱት ሳይቀሩ ጋብቻ ሳሳ ማለት ነው። ሌሊት ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚዘምሩትን ላሊበሎችን አስታውሱ። ካልዘመርንና ካልለመንን ደዌው ይወርድብናል ብለው ነው የሚወጡት ይባላል። አንድ ሙሉ የዜማ ባህል ከዚህ ፍርሃት ጋር ተሳስሮ ኖሯል። በየደብሩ ቅጥር የተቀመጡትንም ነዳያን ልጆች ሆነን ስናልፍ የሚነገረንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ «አትጠጉ»።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ቁጥር 9 ላይ ከለምጽ የነጻ ሰው በሰባተኛው ቀን ራሱን፣ ጢሙን፣ ቅንድቡን ሳይቀር ይላጭ ይላል። የመጽሐፉ ለምጽ ከዛሬው የሥጋ ደዌ ጋር አንድ አለመሆኑን ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ነገር ግን በአንባቢውም በሰሚውም ልብ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ኖረዋል። ቅንድብ አልባ ፊት ያለ በሽታ አይታሰብም ነበር፤ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ ከሕመም ወጥቶ የተላጨ።

ሕክምናው ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። ሐረር ላይ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሕሙማን መንደር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። አዲስ አበባ ላይ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል በ1920ዎቹ ተከፈተ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። አለርት የሚባለው ተቋም በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያው ግቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ካዘዘ ወዲህ በሽታው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በነጻ ይድናል። ዘር የለውም። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አገራችን ግን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ የማያንሱ አዲስ ሕሙማን የሚገኙባት ናት፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ነርቫቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። ለምን ዘገዩ ቢባል፣ ምልክቱን ያየ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ሐኪም ቤትን ሳይሆን ነጠላን ስለሆነ ነው። እናቴ ያደረገችውን አስቡት፤ እጇ የሄደው ወደ መሸፈኛው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል እናቴ የወረንጦ ጠላት ናት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ወረንጦማ እኛ ቤት ከመስታወት በፊት የገባ ዕቃ ነው። ቀጥቃጭ የሠራው፣ ሁለት ቅልጥም ያለው፣ ጫፉ የተሳለ ብረት፤ ከጆሮ መጥረጊያዋ ጋር በክር ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እሾህ ለሚወጋው እግር ነው። ባዶ እግሩን ለሚሄድ አገር ወረንጦ ያለው ጎረቤት ማለት ሐኪም ያለው ጎረቤት ማለት ነበር። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው።

የእናቴ እናት፣ እማሆይ፣ «ዐይኔ ውስጥ ጸጉር በቀለ» ይሉ ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ሆኜ የጧት ሥራዬ እሳቸው ዘንድ ነው። ከቤት ወጥተው ፀሐይ ላይ ይቀመጡና ራሳቸውን ወደ ኋላ ዘንበል ያደርጋሉ። የላይኛውን ሽፋን በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈችውን ሽፋሽፍት ፈልጌ፣ በወረንጦ ይዤ እነቅላለሁ። «ከሥሯ ያዣት፤ ከተቆረጠች ጉቶዋ ይብሳል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የተሰበረች ጸጉር እንደ ሽቦ ሆና ብሌኑን ትፍቃለች። ስጨርስ እጄን ይስሙኛል። «የኔ ዐይን አንቺ ነሽ» ይሉኛል፤ ያኔ ቁልምጫ መስሎኝ ነበር።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ ባላገሩ የዐይን ማዝ የሚለው። በሕፃንነት ደጋግሞ ይይዛል፤ በዝንብ፣ በእጅ፣ በአንድ ፎጣ፣ ባልታጠበ ፊት ይዛመታል። ቁስሉ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ጠባሳ እየጣለ ይሄድና ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ሲሸበሸብ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል። ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይጠርጋል። ሰውየው ዐይኑን በከፈተ በከደነ ቁጥር ይፈተጋል፤ በመጨረሻም ብሌኑ ነጭ ይሆናል። ልጆችን ከሚያቅፉና ከሚያጥቡ ከእነሱ ጋር ነውና በሽታው የሚኖረው፣ ሴቶች ላይ ይበረታል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዐይን ጥናት እንዳሳየው ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት የአገሪቱ ልጆች 40 ከመቶ ያህሉ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከ60 ከመቶ በላይ። ዕድሜያቸው 15 ዓመት ካለፈ የክልሉ ሰዎች መካከል ከመቶው አምስቱ ሽፋሽፍታቸው ታጥፎባቸው ነበር። አምስት ከመቶ! በአንድ የገበያ ቀን ስንት ሰው ወረንጦ ይዞ እንደሚሄድ አስቡት።

የእማሆይ ወረንጦ ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይንስ ውስጥ ሲገባ አየሁት። በዚያው በአማራ ክልል፣ ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ የታጠፉባቸው 1,300 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ገሚሱ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቷቸው ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ወረንጦ የደረሳቸው ሰዎች ቤት ዐይኑ ደኅና የሚያይ ሰው ተመርጦ አነቃቀሉን ተማረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ቀዶ ሕክምናው ይበልጣል፤ ሕመሙ ጠንቶ የተገኘው ቀዶ ሕክምና ካገኙት በ2.2 ከመቶው፣ ወረንጦ ከተሰጣቸው በ13.2 ከመቶው ላይ ነው። በብሌን መጎዳትና በማየት ችሎታ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሕክምና ላልደረሰው ወይም ለፈራ ሰው በደንብ የተያዘ ወረንጦ ዐይን ያቆያል ማለት ነው። ጽሑፉን ሳነብ «ዐይኑ ደኅና የሚያይ ሰው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እማሆይ ቃል በቃል ነበር የተናገሩት።

እማሆይ ዕድለኛ አልነበሩም። እኔ ለትምህርት ከተማ ስገባ የሚነቅልላቸው ጠፋ። ስመለስ በድምፄ ነው ያወቁኝ።

እንግዲህ ወረንጦ በእናቴ ዘንድ ሽፋሽፍትን ይነቅላል፤ ዐይን ለማዳን። ቅንድብን ደግሞ ደዌ ነው የሚነቅለው። ጤናማ ሰው ጤናማ ቅንድቡን በወረንጦ የሚነቅልበት ምክንያት በእሷ መዝገብ ውስጥ የለም። ይህን ነው እኔ «ኋላ ቀርነት» ብዬ የተረጎምኩት።

ታዲያ አገራችን ቅንድብ ማስዋብ አታውቅም ነበር ወይ? ታውቃለች እንጂ! ግን የምታውቀው መጨመርን ነው። ኩል የሚገባው ዐይን ብቻ አይደለም፤ ቅንድብም በኩል ይጠቁራል። ሙሽራ ያለ ኩል አትወጣም፤ የሠርግ ዘፈኑ ራሱ ማን እንደኳላት ይጠይቅ የለ? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። ከጣሪያው ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያዩአችኋል። ዐይናቸው ትልቅ፣ ቅንድባቸው ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ቀስት የደገነ ነው። ቀጭን ቅንድብ ያለው መልአክ አላየሁም። ሠዓሊው ለቅዱስ ፊት የሰጠው የአገሩን የውበት ልክ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በራስ ጸጉር ላይ ግን ስንቀንስ ኖረናል፤ የልጃገረድ ጋሜ አለ፣ የልጅ ቁንጮ አለ፣ ኀዘንተኛም ትላጫለች። ምላጩ ከግንባር በላይ ሲሠራ ማንም አይደነግጥም። ከግንባር በታች የሚወርደው ለሕመም ነው። ዐይኑን ያመመውን ሕፃን ቅንድቡ ላይ ይበጡት ነበር፤ የኔ ዕድሜ ሰዎች መካከል ያ ጠባሳ ያለባቸው አሉ። ጎጂ ልማድ መሆኑ ከተነገረ ቆይቷል።

ዓለም በዚህ ነገር አንድ ልብ ሆኖ አያውቅም። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የጥንት ግብጻውያን ቤታቸው ውስጥ ድመት ስትሞት ቅንድባቸውን ይላጩ ነበር፤ ለኀዘን። በጃፓን ቤተ መንግሥት የመኳንንት ሴቶች ቅንድባቸውን ነቅለው ከፍ አድርገው ግንባራቸው ላይ ይስሉት ነበር። በኢራን ደግሞ በባህሉ ልጃገረድ ፊቷን በክር አትነካም ነበር፤ ክሩ የሚገባው ስታገባ ነው፣ ያበጀ ቅንድብ ያገባች ሴት ምልክት ሆነ። በእስልምና ቅንድብ መንቀል በሐዲስ የተወገዘ ነው፤ ጎረቤቴ ይህን እየጠቀሰች ልጆቿን ወረንጦ አታስነካም፣ የእናቴም ወዳጅ የሆነችው በዚሁ ነው መሰለኝ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ማርሌን ዲትሪሽና ግሬታ ጋርቦ በክር ቅንድብ ፊልሙን ሞሉት። ከ60 ዓመት በኋላ ያው ክር ተመልሶ መጣ፤ ያ ነው እኔን በ1986 ያገኘኝ።

አዲስ አበባ ላይ ሴት ፊቷን ወይም ልብሷን በለወጠች ቁጥር ነገሩ ከመስታወት አልፎ አደባባይ ይወጣል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ሳቢያ ተማሪው ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደርሷል። አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ነው ነበር ክሱ። የሚገርመው፣ ያን ያሉት ተራማጅ የተባሉት ወጣቶች ናቸው። ካሽሙ የተዘመረባቸው ሴት ተማሪዎች ምን አሉ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ጌጥ ሁሉ የቡርዧ ሆነ። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ጥፍር ቀለም ቀብታ የመጣች ልጅ በሰልፍ ላይ ቆማ ትሰደብ ነበር። ባህልም ብለን፣ ትግልም ብለን፣ የምንቆጣው ያው የሴት ፊት ላይ ነው። እናቴን ከእነዚህ ጋር ነበር የደመርኳት፤ እሷ ግን የቆመችው ሌላ ቦታ ነው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የአስተማሪነት አመል አይለቅም። በኔ ልጅነት «ቀነደበው» ከተባለ ዱላ አርፎበታል። አሁን ሳሎኖቹ «ቅንድብ እንቀነድባለን» ብለው ይጽፋሉ። የግሱን ቁጣ አውጥተው ውበት አስገቡበት፤ ቋንቋ እንዲህ ነው። «እርሳስ» ደግሞ የማዕድኑም የመጻፊያውም ስም ነው። የቅንድብ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፣ ሰምና ቀለም ነው። በየአገሩ በተመረመሩ ብዙ ኩሎች ውስጥ ግን መርዛማው እርሳስ በብዛት ተገኝቷል፤ ጥቁሩ የኩል ድንጋይ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ስለሆነ። ስለዚህ የአያቶቻችን ነውና አይጎዳም የሚል ሰው ዝም ቢል ይሻላል፤ በተለይ ሕፃን ከመኳል።

ወደ ማድ ቤቴ ልመለስ። ቡናው ገንፍሎ ነበር። ልጄን ከነጠላው ሥር አወጣኋትና መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። የሆነው ሆኗል፤ ቢያንስ ከዚህ በኋላ እንድታውቅ ብዬ።

«እርሳስ አምጪ። ከአፍንጫሽ ክንፍ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አቁሚው፤ በዐይንሽ ውስጠኛ ጥግ በኩል ሲያልፍ ቅንድብሽ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሁን ከአፍንጫሽ ክንፍ ወደ ውጭው የዐይንሽ ጥግ አጋድሚው፤ ቅንድብሽ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለውን አትንኪ። ከሥር የተበተኑትን ብቻ። ከላይ በኩል ተዪው።»

«ሳሎን እኮ በላይም ያነሣሉ።»

«ያንሡ። አንቺ ተዪው። ፊትሽን በሞቀ ውኃ ታጠቢ፣ ወረንጦውን በአልኮል ጥረጊ፣ ቆዳውን ወጠር አድርገሽ ጸጉሩ ወዳደገበት አቅጣጫ ሳቢ። ሁለት ከነቀልሽ በኋላ መስታወቱን ራቅ አድርገሽ እዪ። ቀኝና ግራሽ አንድ አይሆኑም፤ የማንም አይሆኑም። አንድ አደርጋለሁ ስትዪ ነው ያለቀብሽ።»

«ይበቅላል ግን?»

የዘንድሮው ይበቅላል አልኳት። የቅንድብ ጸጉር ከራስ ጸጉር ይለያል፤ አጭር ዕድሜ አለው፣ ዑደቱም በወራት የሚቆጠር ነው። አንድ ጊዜ ቢነቀል ይመለሳል። ደጋግሞ ለዓመታት የተነቀለ ግን ሥሩ ይጎዳል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይቀራል። ምላጭ እንኳ ሥር አይነካም፤ እኔን የጎዳኝ ከዚያ ሠርግ በኋላ ቅንድቤ እንዳይሰፋ ዐሥር ዓመት ሙሉ መንቀሌ ነው። ጉሎ ዘይትም ቀባሁ፣ ሰው ያለኝን ሁሉ ቀባሁ። የውጭው ጫፍ አልተመለሰም። በየጧቱ ከቤት ስወጣ እስለዋለሁ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከተቆረጠች ሾላ ነው፤ ሾላ እንኳ ከጉቶዋ ታቆጠቁጣለች እያልኩ በራሴ እቀልዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩላት፤ ወረንጦሽን ለማንም አታውሺ አልኳት። ኤች አይ ቪ አገራችን መግባቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ በኋላ ስለት በጋራ መጠቀም ክልክል ነው ተብሎ በየሬዲዮው ሲለፈፍ፣ ወደ ውበት ሳሎን የራሳችንን ምላጭ በወረቀት ጠቅልለን እንሄድ ነበር። ዛሬ ያ ጥንቃቄ የት እንደገባ እንጃ። ወረንጦ ከምላጭ ያነሰ ያደማል፤ ነገር ግን ያደማል። አሁን ደግሞ ቅንድብ በመርፌ በቀለም መሙላት መጥቷል፤ ንቅሳት በአዲስ ስም ማለት ነው። ሄደሽ የምትሠሪ ከሆነ መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ በዐይንሽ እዪ አልኳት።

እናቴ በሩ ጋ ቆማ ስትሰማ ነበር።

«ስለዚህ ይበቅላል?» አለች።

«ይበቅላል፣ እማዬ።»

«ያንቺስ?»

ዝም አልኩ። ቀረብ ብላ በአውራ ጣቷ ቅንድቤን ዳበሰችው፤ እርሳሱ ጣቷ ላይ ቀረ። ጣቷን አየችው። ሠላሳ ዓመት እሷም የምትጠይቀው ነበራት ማለት ነው። በዚያ በ1986 የክረምት ሁለት ሳምንት፣ ልጇ ታማ ይሆን ብላ ሌሊት ሌሊት ስትነሣ፣ ተኝቼ ሳለሁ በኩራዝ ብርሃን እጄንና እግሬን ታገላብጥ እንደነበረ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። የደነዘዘ ቦታ ካለ ብላ በመርፌ ጫፍ ነካ ታደርገኝ ነበር። «ስትወጪ ደስ አለኝ» አለች፤ በመርፌው ስትወጋኝ እየተነጫነጭኩ እጄን መሰብሰቤን ማለቷ ነው።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አዎ ብትዪኝስ?»

ልጄ ወረንጦውን እንደያዘች ሁለታችንን ታያለች። እናቴ ወደ በርጩማው ሄደችና ፀሐይዋ ላይ ተቀመጠች። የሐኪሙ ቀጠሮ ለሐሙስ ነው። ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና ያቃኑታል፤ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው ብለውናል። እስከ ሐሙስ ግን አራት ቀን አለ፣ የግራ ዐይኗም ከሌሊት ጀምሮ እያለቀሰ ነው። ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገች።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ» አለቻት ለልጄ። «ዐይንሽ ያያል። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ከሥሯ ያዣት።»